ምክንያት አለው፣ በደለኛ የለውም
ከልደት ጀምሮ በሕፃናት ቆዳ ላይ ስለሚታይ ምልክትና ስለ እኛ ፍርድ



አዲስ አበባን ከሚያዋስኑት ከተሞች መካከል ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በአንዱ በሚገኝ አነስተኛ ጸሎት ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሕፃናትን ለማጥመቅ ተሰብስበን ነበር። የትኛው ከተማ እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም፤ ታሪኩ የሦስቱም ነውና። ከእናቶቹ አንዷ፣ ነፋስ በሌለበት ቤት ውስጥ፣ የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ቆማ ነበር። የቅባቱ ሥርዓት ሲደርስ ነጠላው መገለጥ ነበረበት። ከሕፃኗ ግንባር ጀምሮ የቀኝ ዓይኗን ሽፋን ይዞ እስከ ጉንጯ የሚወርድ፣ ዳሩ ለይቶ የሚታይ፣ ጠቆር ያለ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ምልክት ታየ።

አያትየዋ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። «በጾም ሥጋ አምሯት ሳትናገር ቀርታ ነው፤ እንዲያ እያማራት ግንባሯን ነክታለች» አሉ። እናትየዋ አንገቷን ደፋች። ሥርዓቱ ካበቃ በኋላ ግን ወደ እኔ ቀርባ፣ «አባ፣ ምን በድዬ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ሌሎች ሰዎች ይጠብቁኝ ስለነበር፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ማርያም ስማት ነው» ብዬ አጽናናኋትና አለፍሁ። ፊቷ ፈካ። መልካም ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ሕፃኗ በድንገት እየተንቀጠቀጠች ራሷን ትስት ጀመር። ቤተሰቡ ይህን ከክፉ መንፈስ ቆጥሮ ብዙ ሳምንታት አሳለፈ። በመጨረሻ ወደ ሐኪም በቀረበች ጊዜ፣ የመንቀጥቀጡ ምንጭና የፊቷ ምልክት የተያያዙ መሆናቸው፣ በቀኝ ዓይኗም ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ በላይ መጨመሩ ታወቀ። ምልክቱ በግንባርና በዓይን ሽፋን ላይ ሲሆን ዓይኑ ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ሊመረመር ይገባው እንደነበር ሐኪሙ ገለጸ። ዛሬ ልጅቷ መድኃኒቷን እየወሰደች ታድጋለች፤ የቀኝ ዓይኗ ግን የሚያየው በከፊል ብቻ ነው። እናትየዋ አልወቀሰችኝም። ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እርስዎ ማርያም ስማት ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ፣ ሌላ ነገር መጠየቅ ተውሁ፣ አባ።»

ይህ ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። በዚያች ዕለት በዚያች ሕፃን ላይ ሁለት ቃላት ተነገሩ። አንዱ የአያቲቱ ሲሆን እናትን የሚከስ ነበር፤ ሁለተኛው የእኔ ሲሆን እናትን የሚያባብል ነበር። ሁለቱ በርኅራኄ ቢለያዩም በአንድ ነገር ተመሳሰሉ፤ ሁለቱም ሕፃኗን በቅርብ ከመመልከት አሳረፉን። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ማንም ሳይመርጠውና ማንም ሳይሠራው በሰው ገላ ላይ የተገኘ ምልክት ሲገጥመን፣ ስለ እርሱ ምን ብለን ልንጠይቅ ይገባናል?

ምልክቱ ምንድን ነው?

አስቀድሞ ነገሩን በራሱ ማወቅ ይገባል፤ ስለማያውቁት ነገር የሚሰጥ ፍርድ፣ ደግ ፍርድ እንኳ ቢሆን፣ ስሕተት ላይ ይጥላልና።

ከልደት ጋር የሚታዩ ምልክቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በብዙ ሕፃናት ወገብና መቀመጫ ላይ የሚታየው ሰማያዊ መሳይ ጥቁረት ከቆዳ ቀለም የሚመጣ እንጂ ከደም ሥር የሚመጣ አይደለም፤ በእኛ አገር ሕፃናት ዘንድ የተለመደ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከዕድገት ጋር የሚጠፋ ነው። እኛ እዚህ የምንናገረው ከቆዳ በታች ካሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚመነጩት ምልክቶች ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ጆን መሊከንና ጁሊ ግሎዋኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያቀረቡት ጥናት እነዚህን ምልክቶች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ከፍሏቸዋል፤ የዛሬው የሕክምና ትምህርትም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

የመጀመሪያው ወገን የሚያድገው ነው። ሄማንጂዮማ ይባላል። ከመቶ ሕፃናት በአራት ወይም በአምስት ያህሉ ላይ ይታያል፤ በሴቶች፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱና ክብደታቸው አነስተኛ በሆነ ሕፃናት ላይ ይበዛል። ሕፃኑ ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ ወይም እንደ ቀላል ነጥብ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ግን በፍጥነት ያብጣል። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ዕድገቱ እጅግ የሚፈጥንበት ነው። ከዚያም በአምስት ወር ገደማ ዕድገቱ ይገታል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ እየከሰመ ይሄዳል። አብዛኛው በራሱ ጊዜ የሚከስም በመሆኑ ትዕግሥት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሁንና በዓይን አጠገብ፣ በከንፈር፣ ወይም በአገጭና በአንገት ዙሪያ ሲሆን፣ ሲቆስልም፣ ማየትን፣ መጥባትን ወይም መተንፈስን ሊያውክ ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ክሪስቲን ሌኦቴ ላብሬዝና የሥራ ጓደኞቿ፣ ለልብ ሕመም የተሰጠ ፕሮፕራኖሎል የተባለ የቆየ መድኃኒት ይህን እብጠት እንደሚያከስም አስተውለው ለዓለም አሳወቁ። መድኃኒቱ ግን የሕፃኑን የልብ ምት፣ የደም ስኳርና ትንፋሽ የሚነካ ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝና ክትትል ከቶ ሊሰጥ አይገባውም።

ሁለተኛው ወገን የደም ሥሮቹ አሠራር ራሱ ከመጀመሪያው የተለየበት ነው። ከእነዚህም የታወቀው ያ ባለ ወይን ጠጅ ቀለም ምልክት ሲሆን፣ ከሺህ ሕፃናት በሦስት ያህሉ ላይ ይገኛል። ይህኛው በልደት ቀን የሚታይ ነው፤ ከልጁ ጋር በመጠን ያድጋል እንጂ አይከስምም፤ ዕድሜ ሲገፋም ሊጠቁርና ሊወፍር ይችላል። በጠይም ቆዳ ላይ ቀይነቱ ጎልቶ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ጥቁረት ይታለፋል። አብዛኞቹ ባለ ምልክቶች በሙሉ ጤና ይኖራሉ። ነገር ግን ምልክቱ በግንባርና በላይኛው የዓይን ሽፋን ላይ ሲያርፍ፣ ከእነዚህ ሕፃናት በጥቂቶቹ ዘንድ በአንጎል ሽፋንና በዓይን ውስጥ ያሉት የደም ሥሮችም አብረው የተነኩ ይሆናሉ፤ መንቀጥቀጡና ግላኮማ የተባለው የዓይን ግፊት የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ያቺ ሕፃን የዚህ ወገን ነበረች።

መንሥኤውስ? በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ የዚህ ምልክት መንሥኤ ሕፃኑ ከተፀነሰ በኋላ፣ ገና በመገንባት ላይ ባለው ገላ ውስጥ በአንድ ሕዋስ ዘረ መል ላይ የሚደርስ ጥቂት ለውጥ ነው። ከዚያ ሕዋስ የሚወለዱት ሕዋሳት ለውጡን ይዘው ይቀጥላሉ፤ የተቀረው ገላ ግን አይነካም። ስለዚህ ከአባትም ሆነ ከእናት የተወረሰ አይደለም። እናቲቱ ከበላችው ወይም ሳትበላ ከቀረችው፣ ካየችው ወይም ከተመኘችው ነገር የመጣም አይደለም።

ምልክቱ በሌሎች ሕዝቦች ቋንቋ

እናትን መክሰስ የእኛ አያቶች ብቻ ልማድ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን ምልክት «ቮልያ» ይሉታል፤ ስፔናውያን «አንቶኾ» ይሉታል፤ በፈረንሳይኛም «ኦንቪ» የሚል ስም አለው። ሦስቱም ቃላት ምኞት ወይም አምሮት ማለት ናቸው። ዓረቦች «ወሕማ» ሲሉት፣ ቃሉ የነፍሰ ጡር አምሮት ከሚባለው ቃል የወጣ ነው። ጀርመኖችም «ሙተርማል» ይላሉ፤ የእናት ምልክት ማለት ነው። የሜዲትራንያንን ባሕር ዙሪያ የሚኖሩ ሕዝቦች በሃይማኖትና በቋንቋ ተለያይተው ሳለ፣ እናትን ተጠያቂ በማድረግ አንድ ሆነው ተገኙ።

ይህ እምነት የመሃይማን ብቻም አልነበረም። በ1714 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ተርነር የተባለ የሎንዶን ሐኪም ስለ ቆዳ በሽታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ የነፍሰ ጡር ሐሳብ በፅንስ ላይ ምልክት እንደሚያትም አጥብቆ አስተማረ። በ1727 ጄምስ ብሎንዴል የተባለ ሌላ ሐኪም በዚያው ከተማ ተነሥቶ ይህ ትምህርት ተራ ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ክርክሩ ከተደረገ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይኸውና ዛሬም በሸገር ከተማ ሠፈሮች ነፍሰ ጡር፣ «አምሮሽን ተናገሪ፤ ካልሆነ ልጅሽ ላይ ይወጣል» ትባላለች። ለነፍሰ ጡር ያማራትን ማቅረብ እጅግ ያማረ ባህል ነው፤ ልጇን ለመጠበቅ ሳይሆን እርሷን ለማክበር ብለን ብናቀርብላት ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

ምክንያትና በደል

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በአእምሯችን ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ቃል ተጠቅልለው ይኖራሉ። «ለምን?» ስንል አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ከምን እንደተነሣ መጠየቃችን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማን እንዳጠፋ መጠየቃችን ነው። የመጀመሪያው ምክንያትን ይሻል፤ ሁለተኛው በደለኛን ይሻል። በዓለም ላይ ምክንያት የሌለው ነገር የለም፤ በደለኛ የሌለው ነገር ግን ብዙ ነው። ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ ምክንያት አለው። ድልድዩን በሸፍጥ የሠራ ሰው ካለ በደለኛም አለ፤ ከሌለ ግን ምክንያቱ ብቻ ይቀራል። በሕፃን ገላ ውስጥ በተለወጠ አንድ ሕዋስ ላይ በደለኛ የሚፈልግ ሰው፣ በሌለበት ቤት ሌባ እንደሚፈልግ ሰው ነው፤ ሌባውን ሲያጣ የቤቱን እመቤት ይይዛል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን በደለኛን መሻት ለምን አልተውንም? ሁለት ነገሮች ይመስሉኛል። አንደኛው ፍርሃት ነው። መከራው በእናቲቱ ጥፋት መጣ ካልን፣ እኛ ያን ጥፋት ካልሠራን አይደርስብንም ማለት ነው። ስለዚህ በእርሷ ላይ የምንፈርደው ፍርድ ለራሳችን የምናጥረው አጥር ነው። «እርሷ እንዲህ አድርጋ ነው» የሚለው ቃል በውስጡ «እኔ ግን አላደረግሁም» የሚል ምስጢር ይዟል። ሁለተኛው ደግሞ ከእናቲቱ በኩል ነው። ብዙ እናቶች ክሱን የሚቀበሉት ተገደው ብቻ አይደለም። ከባዶ ዝምታ ይልቅ ጥፋተኝነት እንኳ ይሻላቸዋል፤ ጥፋት ከሆነ ንስሐ አለው፣ ንስሐ ካለው መፍትሔ አለው ብለው ያስባሉና። በዚህም የተነሣ ያልሠሩትን ኃጢአት ሊናዘዙ የሚመጡ እናቶች አሉ። ካህን እንዲህ ያለውን ኑዛዜ ሲሰማ ሊፈታው የሚገባው የሌለውን ኃጢአት አይደለም፤ እናቲቱን ያሰረውን ሐሰት ነው።

አንድ አንባቢ፣ «የእናት ጠባይ ፅንስን የሚጎዳበት ጊዜ የለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። አለ። በእርግዝና ጊዜ የሚጠጣ አልኮል ፅንስን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። የምንነጋገርባቸውን ምልክቶች እንደሚያመጣ ግን አልተረጋገጠም። ደግሞም ጉዳት ከመድረሱ በፊት የሚሰጥ ምክር ፍቅር ነው፤ ከደረሰ በኋላ በሕፃን አልጋ አጠገብ የሚነገር ወቀሳ ግን ለማንም መድኃኒት አይሆንም።

ከእኛ ጥያቄ ጋር የሚመሳሰል ጥያቄ በቅዱስ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ይገኛል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ፣ ከእርሱና ከወላጆቹ የበደለው የትኛው እንደሆነ ጌታችንን ጠየቁ። ልብ በሉ፤ በደለኛ መኖሩን አልተጠራጠሩም፤ የቸገራቸው ማንነቱ ብቻ ነበር። ጌታችን ግን ከቀረቡለት ሁለት መልሶች አንዱንም አልመረጠም። የሰውዬውንም ሆነ የወላጆቹን በደል ካደ፤ ዓይናቸውንም ወደ ኋላ ከመመልከት ወደ ፊት፣ በዚያ ሰው ላይ ወደሚሠራው የእግዚአብሔር ሥራ መለሰው። ከዚያም ትንታኔ አልጨመረም፤ ጎንበስ ብሎ ጭቃ አበጀ። ሰበታ ስንደርስ ይህን ምዕራፍ ማስታወስ ይገባናል፤ በዚያ የሚገኘው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ለብዙ ትውልድ ማየት የተሳናቸውን ልጆች ተቀብሎ አስተምሯል፤ ከእነርሱም መካከል መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ወጥተዋል። በደለኛውን ለመፈለግ የሚጠፋው ጊዜ ለሥራው ሲውል ምን እንደሚገኝ ያሳየናል።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በየካቲት 1984 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ልጅ ስቃይ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ ከኢዮብ ታሪክ ተነሥተው አስተምረዋል፤ ስቃይ ሁሉ የጥፋት ቅጣት ነው ማለት እውነት አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ እውነተኛ ወዳጆች ነበሩ። የሳቱት ማስረዳት የጀመሩ ዕለት ነው።

«ማርያም ስማው»

አሁን ወደ ራሴ ቃል ልመለስ። ሌሎች ሕዝቦች ምልክቱን በአምሮት ስም ሲጠሩት፣ የእኛ ቋንቋ ከክሱ አጠገብ ሌላ ስም አኖረልን፤ «ማርያም የሳመችው» እንላለን። ይህ ስም እናትን አይከስም፤ ልጅንም አያሳፍርም። ሰው ሊሸሸው የሚወደውን ቦታ እመቤታችን ከንፈሯን ያሳረፈችበት ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ስም ያወጡልንን አያቶች አመሰግናለሁ።

ይሁንና ስሙ የፍቅር ቃል እንጂ የሃይማኖት ትምህርት አይደለም። እንደ ትምህርት ከያዝነው ሦስት ጉዳቶች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ምልክት የሌለው ልጅ አልተሳመምን? የእግዚአብሔር ፍቅር በቆዳ ላይ በታተመ ምልክት የሚለካ አይደለም። ሁለተኛ፣ ልጁ የማይሸከመውን እንጭንበታለን። የተለየ ቅድስና የሚጠበቅበት ልጅ እንደ ሌሎቹ ልጆች መጫወትና መሳት አይፈቀድለትም፤ ምልክቱ ሲያስቸግረውም ማዘን ያፍራል። ሦስተኛ፣ በእኔ እጅ እንደሆነው ሁሉ፣ መሳሙ ከሐኪም ያስቀራል። «ማርያም የሳመችውን ማን ይነካል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ እናት የሳመችውን ልጅ ሲታመም ወደ ሐኪም ትወስደዋለች፤ ስማዋለችና።

ምልክቱን በሕክምና ማደብዘዝ ፈጣሪን መንቀፍ ነውን ብለው የጠየቁኝም አሉ። አይደለም። ለወይን ጠጁ ምልክት የሚሰጠው የሌዘር ጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፤ ሁልጊዜም ፈጽሞ አያጠፋውም፤ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል። ማድረግ የሚቻለው ቢያደርገው መልካም ነው፤ የማይቻለው ወይም የማይፈልገው ቢተወው በምንም አያንስም። የሚያስፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሕክምናው ለልጁ ነው ወይስ ለተመልካቹ? የዓይኑ ብርሃን፣ ትንፋሹ፣ መጥባቱ ሲነካ ለልጁ ነው፤ መዘግየትም አይገባም። የሰው ዓይን ሸሽቶ ብቻ ሲሆን ግን፣ ልጁ ከፍ ብሎ ራሱ እስኪናገር ድረስ፣ አስቀድሞ መታከም ያለበት የእኛ ዓይን ነው።

የእኛ ዓይን

ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ በጠዋት ታክሲ ተሳፍራ ወደ ሥራዋ የምትሄድ እናት ልጇን አዝላ ስትገባ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። አንዱ ያፈጥጣል። ሌላው ቶሎ ዓይኑን ያሸሻል። ሦስተኛዋ «ምን ሆኖ ነው? ተቃጥሎ ነው?» ትላለች። መንገዱ ሳያልቅ ያቺ እናት አምስት ጊዜ ተከሳ አምስት ጊዜ ተከላክላለች። ነጠላው የሚወርደው ለዚህ ነው። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ የመጀመሪያው ትምህርቱ፣ ፊቱ ሊሸፈን የሚገባው ነገር መሆኑ ይሆናል።

ከእኛ መካከል በደርግ ዘመን ያደጉ ሰዎች የሶቪየት ኅብረት መሪ የነበሩትን ሚካኤል ጎርባቾቭን ያስታውሳሉ። ከ1985 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ታላቁን አገር ሲመሩ፣ በራሳቸው ላይ ያለውን የወይን ጠጅ ቀለም ምልክት የማያውቅ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያ ግን የመንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይፋዊ ምስላቸውን ሲያወጡ ምልክቱን ያጠፉት ነበር። ያን የሚያህል መንግሥት ከአንድ ሰው ግንባር ላይ ጥቂት የደም ሥሮችን ለመደበቅ ደከመ! በኋላ ምልክቱ በግልጽ ሲታይ፣ ሰውዬውን የወደዳቸው በሥራቸው ወደዳቸው፤ የጠላቸውም በሥራቸው ጠላቸው። ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይገባል፤ ሰው በሠራው ይመዘን እንጂ ባልሠራው አይመዘን።

በኅዳር 6 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ፊቱና ገላው በእባጭ የተሸፈነ አንድ ሰው አቅፈው ሳሙት። ሕመሙ እኛ ከምንናገርበት የተለየ ነው፤ የተመልካቹ ዓይን ግን ያው ነው። ያ ሰው በኋላ ሲናገር ከሁሉ የነካው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ለማቀፍ ሳያመነቱ መቅረታቸው ነበር። የፍቅርና የፍርድ ልዩነት አንዳንድ ጊዜ በዚያች አጭር ማመንታት ውስጥ ይታያል።

በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን በ1873 የዚያን በሽታ ተሕዋስ ካገኘ በኋላ እንኳ፣ በሽታውን ከእርግማን መቁጠር ብዙ ዘመን ቆየ። ዛሬ በዚያው ቦታ ለልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም ሁሉ ሕክምና ይሰጣል። ሰዎች በአንድ ወቅት ፊታቸውን ያዞሩበት ደጅ፣ ዛሬ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ይዘው በተስፋ የሚገቡበት ደጅ ሆኗል። ዓይን ይማራል ማለት ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

እናንተ ከካህኑ በፊት ወደ ቤቶች የምትገቡ ናችሁ። ስለዚህ ጥቂት ነገሮችን በአደራ ልስጣችሁ።

በመጀመሪያ፣ አራስ ጥየቃ ስትሄዱ ሕፃኑን በስሙ ጥሩት፤ ስለ ምልክቱ እናቲቱ እስክታነሣው ድረስ አታንሡ። ስታነሣው ግን አትሽሹ።

ሁለተኛ፣ «ምን በድዬ ነው?» ብላ ብትጠይቃችሁ በግልጽ መልሱላት፦ «ምንም አልበደልሽም።» ከዚህ ቃል በፊትም ሆነ በኋላ «ግን» የሚል ቃል አትጨምሩ።

ሦስተኛ፣ ምልክቱን ለጤና ባለሙያ እንድታሳይ ምከሯት። በአገራችን ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ የሚያድገው ምልክት እጅግ የሚፈጥነውም በዚያው ሰሞን በመሆኑ ጊዜው የተመቸ ነው። ይህ ቀጠሮ ግን ለሁሉም አይጠበቅም። ምልክቱ በግንባርና በዓይን ሽፋን ላይ፣ በዓይን አጠገብ፣ በከንፈር ወይም በአገጭና በአንገት ላይ ከሆነ፣ ከቆሰለ ወይም ከደማ፣ ቁጥሩ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሕፃኑም ከተንቀጠቀጠ ወይም ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። ምልክቱን መተኮስ፣ መብጣት ወይም ቅጠል መለጠፍ ደምና ቁስል ከማምጣት በቀር አይጠቅምም። ጸሎቱ ከሐኪሙ ጋር ይሂድ፤ አንዱ የሌላው ተቃዋሚ አይደለም።

አራተኛ፣ በክፍላችሁ ውስጥ ባለ ምልክት ልጅ ካለ በምልክቱ ቅጽል ስም እንዳይወጣለት ጠብቁ። እንደ ምሳሌ አድርጋችሁም ፊት ለፊት አታቁሙት። እንደ ሌሎቹ ሲያጠፋ ይገሠጽ፤ እንደ ሌሎቹ ሲያውቅ ይመስገን።

በመጨረሻ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ያቺን እናት ዳግመኛ አገኘኋት። ልጅቷ በአጠገቧ ቆማ ነበር፤ ነጠላውም በእናትየዋ ትከሻ ላይ ነበር። እኔም በዚያን ዕለት ሳልመልስላት የቀረሁትን ጥያቄ መለስሁላት፤ «ምንም አልበደልሽም፣ ልጄ። ያን ቀን መናገር የነበረብኝ ይህን ነበር፤ ቀጥሎም ሐኪም ትያት ማለት ነበረብኝ» አልኋት። ዝም ብላ ቆይታ፣ «አያቷም አሁን እንዲያ ማለት ትተዋል» አለችኝ።

ልጅቷ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። በጣቷ ግንባሯን እያሳየች፣ «እውነት ማርያም ስማኝ ነው?» አለችኝ። ከእርሷ ቁመት ጋር እስክስተካከል ዝቅ አልሁና እንዲህ መለስሁላት፦ «ይህ የደም ሥር ነው፤ ስትወለጂ አብሮሽ መጣ፤ የማንም ጥፋት አይደለም። መሳሙን በተመለከተ፣ እመቤታችን ልጆቿን ሁሉ ትስማለች፤ አንቺንም።» ልጅቷ ጥቂት አሰበችና፣ «እሺ» ብላ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

እንግዲህ የተወደዳችሁ፣ ማንም ያልበደለበትን ነገር ስናይ በደለኛ ከመፈለግ እግዚአብሔር ይጠብቀን። ምክንያቱን ለማወቅ ትጋትን፣ የሚቻለውን ለመርዳት ፍጥነትን፣ የሰውን ፊት ሳናመነታ የምንመለከትበትን ዓይን ይስጠን። አሜን።